እንደ ጥምቀት ልብስ ስለነጣው የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል
የምንጭ ዳር ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና ወይዘሮ እናኑን ወደ ሥራቸው ስለመመለስ

ክቡርነትዎ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በጥር ወር በእንግዶች ዋዜማ የተሰቀለው አዲሱ የቢሮዎ መጋረጃ እንደምን እንደሰነበቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከሐዘኔ በቀር ደኅና ነኝ። ስሜን ዘንግተውት እንደሆነ፣ በፍኖተ ሰላም ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት መምህር ደረሰ ታከለ ነኝ፤ በየወሩ በሃያ ሁለት ቀን፣ በማርያም ማግስት፣ ባልዲና ፎጣ ይዤ እየመጣሁ በእናቶች ማቆያ ክፍልዎ ወለል ላይ የምንበረከከው ሽማግሌ። በዚያ ሲያልፉ የቧንቧ ሠራተኛ መስዬዎት ሁለት ጊዜ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ጠይቀውኛል። በሁለተኛው ጊዜ እምቢ ማለት አፍሬ ጠግኜዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁለቱ መልስ ስላላገኙ እንጂ ክቡርነትዎን ከሰው ፊት ለማቆም አይደለም፤ ሆኖም የቡሬ መንገድ ተጓዥ ሁሉ ቢያነበው አይከፋኝም። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመጀመሪያው ልንገረው። የእናቶች ማቆያ የሚባለው መውለጃቸው የተቃረበ ሴቶች ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ምጥ እስኪመጣባቸው የሚያርፉበት ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ግድግዳ ሥር ሁለት መቶ ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ። ከአምስት ዓመት በፊት ያቆመችው በዚያው ቤት አዋላጅ የነበረችው ልጄ ሲስተር ማርያማዊት ናት። ከተምጫ ወንዝ ሣርና ቅጠል ከነሥሩ ነቅላ ተከለችበት፤ ከዚያው ወንዝ ጣት የማያክሉ አሥራ አራት ዓሦች አስገባችበት። የአገራችን ዓሣ ብርዳችንን ስለለመደ ማሞቂያ እንኳ አላሻውም። ከቤታቸው የራቁ፣ የሚያወሩት ሰው ያጡ ሴቶች ያንን አረንጓዴ እያዩ ፍርሃታቸውን ይረሱ ነበር። ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር ወር በአሥራ ሁለት ቀን ሕመም ሞተች፤ ገንዳውን መንከባከብ ለእኔ ቀረ። ቅሬታዬና ምስጋናዬ ስለተቀላቀለብኝ በተራ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ማጣሪያው አመራረጥ። በጥር መጨረሻ በተደረገው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ «ድሮስ ያ ጥቁር ባልዲ ለምን አስፈለገ?» ብለው መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ጥያቄው አምስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን በመምጣቱ አመሰግናለሁ፤ ለጠየቀ ሁሉ መመለስ የኖርኩበት ሥራ ነው። ጥቁሩ ባልዲ ከገንዳው በታች በቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ማጣሪያ ነው። ውኃውን በአንድ ቱቦ ስቦ ያወርዳል፣ በስፖንጅና በትናንሽ የሸክላ ቀለበቶች መካከል ያሳልፋል፣ በሌላ ቱቦ ወደ ገንዳው ይመልሳል። እኔ በጊዜው መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ትንሹን ዓይነት ልገዛ ነበር። ማርያማዊት እምቢ አለች። ያ ዓይነቱ ሲያንጎራጉር ያድራል፣ ምጥ የምትጠብቅ ሴት ደግሞ ዝምታ ያስፈልጋታል አለች፤ ውኃውንም ሲያንቦጫርቀው ቅጠሎቹ የሚመገቡትን አየር አባሮ ያስወጣባቸዋል አለች።

ባልዲውን ለመግዛት ስንስማማ ደግሞ በመጠኑ ተጣላን። እኔ ካርቶኑ ላይ «ለሁለት መቶ ሊትር» የሚለውን አይቼ ይበቃል አልኩ። እሷ የካርቶኑ ቁጥር ባዶውን የተለካ ነው፣ ስፖንጅና ሸክላ ሲሞላበት፣ ውኃውንም ሽቅብ መግፋት ሲጀምር ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከፍ ያለውን ገዝተን ቅጠሎቹን እንዳያስተኛቸው መውጫውን እናጥብበዋለን አለች። በራት ገበታ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን፤ የረታችው እሷ ናት። ያንን ክርክር ከነመልሱ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ድምፅዋ የሚመጣልኝ በእሱ በኩል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሸክላዎቹ ቀዳዳ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይሰፍራሉ። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ ወደ ቅጠል ምግብ የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ሰፍረው እስኪበዙ ስድስት ሳምንት ጠብቀን ነው ዓሦቹን ያስገባነው። ክቡርነትዎ በአንድ ጣትዎ ነክተው ፊትዎን ያጨማደዱበት ቡናማ ልጋግ የእነሱ መንደር ነበር። ስለዚህም የሚለቀለቀው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ነው፤ አንድ ወር ስፖንጁ፣ በሌላው ወር ከሸክላዎቹ ግማሹ፣ ያውም ለስለስ ተደርጎ።

፪ኛ. ስለ መብራት። ልጄ በሕይወት ሳለች ለማጣሪያው ከጄኔሬተሩ አንድ መስመር እንዲሰጠው በደብዳቤ ጠይቃ ነበር። የሚወስደው ኃይል ከአንድ አምፖል አይበልጥም። ክቡርነትዎ «ለዓሣ የሚሆን መስመር የለም» ብለው ጻፉላት፤ መስመሩም ወደ ቢሮዎ የሻይ ውኃ ማፍያ ሄደ። ሻዩ እንደተስማማዎት ተስፋ አደርጋለሁ። መብራት ግማሽ ቀን ሲጠፋ በባልዲው ውስጥ የታሰረው ውኃ ይሸታል፤ መብራት ሲመጣ ሳይደፉት ቢያስነሱት ያ ሁሉ ግም ውኃ በዓሦቹ ላይ ይለቀቃል። ይህ ሳይሆን የኖረው በወይዘሮ እናኑ ነው። ወይዘሮ እናኑ በጤና ጣቢያው አሥራ አንድ ዓመት በጽዳት ያገለገሉ ሴት ናቸው። መብራት በሄደ ቁጥር የቱቦዎቹን መዝጊያ ዘግተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ የሸተተውን ደፍተው፣ የክዳኑ ላስቲክ እንዳልተጣመመ በጣታቸው ዙሪያውን ዳስሰው ይገጥሙታል። ይህ በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም፤ ያዘዛቸውም ሰው የለም።

ያስተማረቻቸው ማርያማዊት ናት። ፊደልም ያስቆጠረቻቸው እሷው ናት፤ ከሥራ በኋላ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ። ማንበብ የተለማመዱት ደግሞ በቁም ሳጥኑ በር ላይ በተለጠፈው፣ በእኔ እጅ በተጻፈው የማጣሪያ አያያዝ መመሪያ ነው። ያንን ወረቀት አንባቢ እንዳይረሳብኝ አደራ እላለሁ።

፫ኛ. ስለ ትእዛዝዎ። ጥር አሥራ ሦስት ቀን ከበላይ እንግዶች በማግስቱ እንደሚመጡ ተሰማ። ክቡርነትዎ ክፍል ለክፍል ሲዞሩ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፣ የማጣሪያውን ክዳን አስነሡ፣ ስፖንጁን ነኩ፤ ከዚያም ለወይዘሮ እናኑ «ይህ ነገር ነገ እንደ ጥምቀት ልብስ ነጥቶ ካላየሁት ከነገ ወዲያ እንዳላይሽ» አሏቸው። ሴትዮዋ መምህሩ ለማርያም ማግስት ይመጣሉ፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቢታገሡ ብለው ለመኑ። እንግዶች ለማርያም ማግስት እንዳልተቀጠሩ ነግረዋቸው አለፉ። በዚህ ቀልጣፋ አመራርዎ አለማመስገን ንፉግነት ይሆንብኛል።

እንግዲህ ወይዘሮ እናኑ በሁለት ትእዛዝ መካከል ቆሙ። የክቡርነትዎ ቃል ይንጣ ይላል፤ የበሩ ወረቀት ደግሞ «በሳሙና፣ በኦሞ፣ በበረኪና ፈጽሞ አይታጠብ» ይላል። ሌላው ሰው ከወረቀትና ከኃላፊ የቱን እንደሚመርጥ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ሁለቱንም የሚያከብሩበት መንገድ ፈለጉ፤ አገኙም። ለጥምቀት ነጠላቸውን ያጠቡበት ውቅጥ እንዶድ ቤታቸው ተርፎ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ይዘውት መጡ። ስፖንጁንም የሸክላ ቀለበቶቹንም አንድ ሳያስቀሩ በእንዶድ አረፋ አሹ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብለው ሦስት ጊዜ አለቀለቁ፣ ገጥመው አስነሡት። ማጣሪያው ነጣ። ክቡርነትዎም አይተው ደስ አለዎት።

፬ኛ. ስለ እንግዶቹ አቀባበል። ስድስት ሰዓት ገደማ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። መጀመሪያ ያየችው እታለም የምትባል፣ ከፈረስ ቤት በኩል የመጣች ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ቀኑን ስታይ የምትውለው ያንን ገንዳ ነበር። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አራቱም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። በክፍሉ የነበሩት ሦስት እናቶች፣ ሊወልዱ በመጡበት ቤት ነፍስ ያለው ነገር በአንድ ቀን ሲያልቅ አዩ። ቤቱን ማርያም ጥላው ወጥታለች ተባባሉና ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ክቡርነትዎ ይህን ባላገርነት ብለውታል አሉ። እኔ ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚያች ሰዓት በዚያ ክፍል ብኖር ግን ጓዝ ከመሸከም ወደኋላ አልልም ነበር።

ክቡርነትዎ አልደነገጡም። ዓሦቹን በሳህን አስለቅመው ከጓሮ አስቀበሩ፣ መብራቱን በቅጠሎቹ ላይ አስበሩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶቹን በገንዳው ፊት አቁመው ፎቶ ተነሡ። በጎብኚዎች መዝገብ ላይ «ንጽሕናው ለሌሎች አርአያ ይሆናል» ተብሎ ተጽፎልዎታል። እውነት ነው፤ የሚያቆሽሽ ፍጡር አልቀረበትም።

ፎቶው ላይ ወይዘሮ እናኑ የሉም። መናኸሪያ ነበሩ። ሦስቱን እናቶች ከሚኒባስ አስወርደው፣ እየለመኑ፣ ጥፋቱ የቤቱ ሳይሆን የእኔ የኃጢአተኛዋ ነው ብለው እየማሉ መልሰው አመጧቸው። እታለምን ምጥ የጀመራት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ነው። በዚያው ዕለት በጤና ጣቢያዎ ሴት ልጅ ተገላገለች። ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ ባለሙያ እጅ ላይ ስለነበረች ተረፈች። በዚያች ሚኒባስ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የፈረስ ቤት ዳገት ላይ ምን ይገጥማት እንደነበር አዋላጆችዎን ይጠይቋቸው። ይህ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

፭ኛ. ስለ ስንብት ደብዳቤው። በሁለት ቀን ውስጥ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ለወይዘሮ እናኑ መሰጠቱ ለፈጣን አገልግሎትዎ ምስክር ነው። ከሁለቱ ክሶች አንደኛው «የመንግሥትን ንብረት በቸልተኝነት ማውደም»፣ ሁለተኛው «በእንግዶች ጉብኝት ሰዓት ከሥራ ገበታ መጥፋት» ይላል። ስለ መጀመሪያው ክስ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለውን አባባል አባቶቻችን ለምን እንደተረቱት አሁን ገብቶኛል። ስለ ሁለተኛው፣ ከሥራ ገበታቸው ጠፍተው የሠሩትን ሥራ እታለምና ልጇ ይመስክሩ። ወይዘሮ እናኑ ደብዳቤውን ራሳቸው አንብበውታል። ልጄ ፊደል ስታስቆጥራቸው ከሁሉ ረጅሙ ንባባቸው ይህ እንደሚሆን አላወቀችም።

ስድስተኛ ቁጥርም አለ፤ እሱ ግን የክቡርነትዎ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ጥር ሃያ ሁለት እንደ ልማዴ ባልዲዬን ይዤ መጣሁ። የነገረኝ ሰው አልነበረም። ገንዳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ተንበርክኬ የማጣሪያውን ክዳን ስከፍት ቀለበቶቹ እንደ ጥርስ ነጥተው ጠበቁኝ፤ ሽታውም እንዶድ እንደነካቸው ወዲያው ነገረኝ። ወደ ወይዘሮ እናኑ ቤት የሄድኩት ቁጣ ይዤ ነበር፣ አልደብቅም። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ሳሙና አይንካው ብለው ጽፈው የለም እንዴ መምህር? አላስነካሁትም እኮ። እንዶድ ሳሙና አይደል፣ እግዜር ያበቀለው ፍሬ ነው። የቄሶቹን ልብስ የምናጥብበት ነው። ለእሷ ዓሦች ኸዚያ የተሻለ ምን አለኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

እኔ የተምጫ ዳር ልጅ ነኝ። ጎረምሶች እንዶድ ወቅጠው ውኃው በተቋጠረበት ሲጨምሩና ዓሣው ሲንሳፈፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። እንዶድ ቀንድ አውጣንና ዓሣን እንደሚገድል ሠላሳ አንድ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። መመሪያውን ስጽፍ ግን ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ቀዳሁት፤ የመጽሐፉ ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ አያጥቡም። ማርያማዊት በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አንብባ፣ «አባዬ፣ እንዶድንም ይጻፉበት፤ እዚህ ሳሙና ሲከለከል የሚታሰበው እሱ ነው» ብላኝ ነበር። ሳሙና ካልኩ ይበቃል አልኳት። ቀለሙ ደርቆ ነበር፣ እንደገና መገልበጥ ታከተኝ። በክርክር የረታኋት ያቺን አንዲት ጊዜ ብቻ ነው።

ያ ገንዳ ከልጄ እጅ የቀረልኝ፣ እስትንፋስ ያለው ብቸኛ ነገር ነበር። ልብሷን ለዘመድ ሰጥቻለሁ፣ መጻሕፍቷን ለባልደረቦቿ። በየወሩ ያንን ክዳን ስከፍት ግን አብሬያት የምሠራ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ቱቦውን ይዛ፣ እኔ ስፖንጁን እያለቀለቅሁ። አሁን የካቲት ሃያ ሁለት ሲመጣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። አዝኛለሁ፣ ክቡርነትዎ። ይህን ሁሉ ሽሙጥ የደረደርኩት ሐዘኑን ብቻውን መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ስለዚህ በንብረት ማውደም የሚጠየቅ ሰው የግድ ካስፈለገ ስሜ ከታች አለ፤ ጡረተኛ ከሥራ እንዴት እንደሚባረር ኮሚቴ ተቋቁሞ ይምከርበት። ወይዘሮ እናኑ ግን ሁለት የሚጣረሱ ትእዛዞች ተሰጥተዋቸው ሁለቱንም የፈጸሙ ሠራተኛ ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ከሄደ በጤና ጣቢያው ማን እንደሚቀር ክቡርነትዎ በመስታወት ፊት ቆመው ያስቡበት። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራቸውን ይመልሱላቸው። ዓሣውን አልጠይቅዎትም።

በመጨረሻም ለመጪዎቹ እንግዶች የፕላስቲክ ዓሣ ለማስመጣት ማሰብዎን ሰምቼ ተደንቄያለሁ። አይበላም፣ አይሞትም፣ ማጣሪያ አያሻውም፣ ማንም አይባረርበትም። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ የሚለውንም ተረት እዚህ ላይ ልጠቅስ ነበር፤ ዓሦቹ ሳይገሙ በትእዛዝዎ ስለተቀበሩ ተገቢ መስሎ አልታየኝም፣ ትቼዋለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይቆሽሽ መጋረጃና እንግዳ የማያጣው ወንበር እየተመኘሁልዎ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የቧንቧ ሠራተኛ የምመስልዎት
መምህር ደረሰ ታከለ
ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት መባቻ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ እናኑ
ለእናቶች ማቆያ ክፍል
ለጎብኚዎች መዝገብ፣ ባዶ ገጽ ካለው

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የታረመውን መመሪያ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ከሳሙናና ከበረኪና ቀጥሎ እንዶድ የሚል ቃል ጨምሬበታለሁ፤ ልጄ ባለችኝ ቦታ ላይ። ወይዘሮ እናኑ በተመለሱ ቀን በገዛ እጃቸው በቁም ሳጥኑ በር ላይ እንዲለጥፉት ይሁን። የማይመለሱ ከሆነ ግን ወረቀቱን አይለጥፉት፤ ከእሳቸው በቀር በዚያ ቤት አንብቦ የታዘዘ ሰው አላየሁም።